ከጭቃ ያወጣኝ አየርላንዳዊ

አምና በነሐሴ መገባደጃ የአጎቴን ዕረፍት የነገሩኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፡፡ ቀብሩ በዚያው ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ ነው ተባለ፡፡ ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ወጣሁ፡፡ እስከ ኢተያ ያለውን አስፋልት ያለ ችግር ጨርሼ ወደ መንደራቸው ወደሚያስገባው የገጠር መንገድ ስታጠፍ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል አልሞላም፡፡ ሰዓቱ በእጄ ነው ብዬ ነበር፡፡ የአርሲን ጥቁር አፈር በክረምት የሚያውቅ አንባቢ የቀረውን መገመት አያቅተውም፡፡

ፒክአፔ ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት ያለፈ፣ ከሌላ ሰው እጅ የገዛኋት ናት፡፡ የማን ሥሪት እንደሆነች አልናገርም፤ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረምና፡፡ አራቱንም ጎማ የሚያሠራው ማርሽ እንደ ድሮዎቹ መኪኖች ከካምቢዮው ጎን በቆመ ዱላ የሚገባ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚገባ ነው፡፡ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ማዞሪያ ጠምዘዝ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ያለች ትንሽ ሞተር ማርሹን ትገፋዋለች፡፡ ያን ቀን ጠመዘዝኳት፡፡ ፎር ዊል መግባቱን የምታበስረው መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ከዚያ ውጪ ምንም አልሆነም፡፡ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየቆፈሩ እስከ ግማሻቸው ሰጠሙ፡፡ ሸሚዜን ሰብስቤ ድንጋይ ስለቅም፣ ቅጠል ስጎዘጉዝ፣ ስገፋ አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሰዓት አለፈ፡፡ በስድስት ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ከሩቅ ሰማሁት፡፡ በእግሬ ልሂድ ብዬ ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ ጭቃው ጫማዬን አስቀረው፡፡

ከጭቃው ያወጣኝ ቀለሙ የነጣ ቀይ ትራክተር ነው፡፡ የሚነዳው ወጣት በሰንሰለት አስሮ ሁለት ጊዜ ሳብ ቢያደርገኝ ወጣሁ፡፡ ኪሴ ስገባ ለቅሶ ከሚሄድ ሰው ገንዘብ አልቀበልም ብሎኝ ሄደ፡፡ ትራክተሩ ከእኔ ፒክአፕ ቢያንስ በሃያ ዓመት የሚበልጥ ይመስለኛል፡፡ ኃይል የሚሰጠው ለሁለት ጎማ ብቻ ነው፡፡ አንዲትም የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን የለችበትም፡፡ ሞተሩን በሸፈነው ቆርቆሮ ላይ ግማሹ የተፋቀ ስም ይነበብ ነበር፤ ማሴ ፈርጉሰን፡፡

ስደርስ አጎቴ ተቀብረዋል፡፡ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፡፡ የነገሩኝ ብዙ ነው፤ እሱን ልተወው፡፡

ማሴ ፈርጉሰን የሚለውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፡፡ አርሲና ባሌ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፡፡ የሰው ስም መሆኑን ግን ከዚያ ለቅሶ እስክመለስ ድረስ አስቤው አላውቅም፡፡ ማንበብ የጀመርኩት ከብስጭት የተነሳ ነው፡፡ ሳነብ ግን ሰውየው እኔን በሦስት በኩል የሚነካኝ ሆኖ አገኘሁት፡፡ ትራክተሩ ጎትቶኛል፤ ያልሠራችልኝ ፎር ዊል ለረጅም ጊዜ የደከመባት ጉዳይ ናት፤ በሕግ ትምህርት ቤት ብንማረው ኖሮ የምንደሰትበት ትልቅ የውል ክርክርም ነበረው፡፡ ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የምጠቅስ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ፡፡

ሐሪ ፈርጉሰን የተወለደው በኖቬምበር 4 ቀን 1884 ከአየርላንድ ደሴት በስተሰሜን፣ ዳውን በሚባለው አውራጃ፣ ግሮዌል በምትባል የገበሬ መንደር ነው፡፡ አባቱ ከአሥራ አንድ ልጆች ጋር የሚኖር፣ ሃይማኖተኛና ጥብቅ ሰው ነበር፡፡ ሐሪ ትምህርቱን በአሥራ አራት ዓመቱ አቋርጦ እርሻ ገባ፡፡ እርሻ ግን አልወደደም፡፡ ከፈረስ ኋላ ማረሻ ይዞ መዋል የሚያስጠላው ሰው ነበር፡፡ በእኔ ግምት የሕይወቱ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው፤ የእርሻን ሥራ የለወጡት ብዙ ጊዜ እርሻን የሚወዱ ሳይሆኑ ከእርሻ ማምለጥ የፈለጉ ናቸው፡፡ የአባቱን ጥብቅ እምነትም አልተቀበለም፡፡ ወደ ካናዳ ሊሰደድ ሲያስብ ታላቅ ወንድሙ ጆ በ1902 ቤልፋስት ከተማ ውስጥ የብስክሌትና የመኪና ጋራዥ ስለከፈተ እዚያው ገብቶ ሙያ ተማረ፡፡

ወጣቱ መካኒክ መጀመሪያ የታወቀው በሞተር ብስክሌት ውድድር ነው፡፡ ቀጥሎ አውሮፕላን ያዘው፡፡ በ1909 ፈረንሣይና እንግሊዝ አገር የአውሮፕላን ትርዒት አይቶ ሲመለስ የራሱን መሥራት ጀመረ፡፡ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ ነፋስና ዝናብ በበዛበት ዕለት ሂልስቦሮ ላይ ወደ 120 ሜትር ያህል በረረ፡፡ ከአየርላንድ መሬት በሞተር አውሮፕላን ተነስቶ የበረረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፡፡ በተከታዩ ዓመት ኒውካስል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሦስት ማይል ያህል በርሮ የመቶ ፓውንድ ሽልማት ወሰደ፡፡ ወንድሙ ግን ጋራዡ ሥራ እያለው ሰማይ ለሰማይ የሚንከራተት ሸሪክ አልፈለገም፡፡ ተጣሉና ሐሪ በ1911 የራሱን የመኪና መሸጫና ጋራዥ ከፈተ፡፡ በ1913 ሞሪን ዋትሰንን አገባ፡፡ በ1914 የአየርላንድን ራስ ገዝነት ለሚቃወሙት የኡልስተር ታጣቂዎች ጠመንጃ በማስገባቱ ሥራ ተሳትፏል፡፡ ፖለቲካው ግን ከዚያ ብዙም አልዘለቀም፡፡

ትራክተር ጋ ያደረሰው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፡፡ አገሩ ምግብ አጥሮታል፤ መንግሥት ትራክተር አስመጥቶ ለገበሬ ቢያድልም ውጤቱ ደካማ ነው፡፡ በ1917 የአየርላንድ የግብርና ቦርድ ፈርጉሰንን እየዞርክ ገበሬውን አስተምር ብሎ ላከው፡፡ ዊልያም ሳንድስ የሚባል ረዳቱን ይዞ ከመንደር መንደር ዞረ፡፡ ያየው ነገር የሚከተለው ነበር፡፡ የጊዜው ትራክተር ፈረስን የተካ ከባድ ብረት ብቻ ነው፡፡ ማረሻው እንደ ጋሪ ከኋላ በሰንሰለት ወይም በዘንግ ይጎተታል፡፡ ማረሻው ከመሬት ውስጥ ድንጋይ ሲነክስ መጎተቱ ይቆምና የኋላ ጎማው መዞሩን ስለማያቆም የትራክተሩ አፍንጫ ሽቅብ ይነሳል፡፡ እንደ ፈረስ ይቆማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ይገለበጥና ነጂውን ይደፈጥጠዋል፡፡ በዚህ ዓይነት የሞቱት ገበሬዎች ጥቂት አልነበሩም፡፡ ይህ እንዳይሆን ፋብሪካዎች ትራክተሩን የባሰ ያከብዱታል፡፡ የከበደ ትራክተር ደግሞ መሬት ይጨፈልቃል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ዋጋው ይንራል፡፡

የፈርጉሰን መልስ ማረሻውና ትራክተሩ አንድ አካል ይሁኑ የሚል ነው፡፡ ሁለት ክንዶች ከታች፣ አንድ ክንድ ከላይ፤ ማረሻው በሦስት ነጥብ ይያዛል፡፡ ማረሻው በአፈሩ ሲጎተት የታችኞቹ ክንዶች ወደ ኋላ ይሳባሉ፤ የላይኛው ክንድ ግን ወደ ፊት ይገፋል፡፡ ይኸው ግፊት የትራክተሩን አፍንጫ መሬት ያስይዘዋል፡፡ ድንጋይ ቢነክስ እንኳ አፍንጫው አይነሳም፡፡ የማረሻውና የአፈሩ ክብደት ከፊሉ ደግሞ ወደ ኋላ ጎማዎቹ ስለሚዞር ቀላሉ ትራክተር እንደ ከባዱ መሬት ይቆነጥጣል፡፡ በዚህ ላይ በሃይድሮሊክ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ጨመረበት፡፡ አፈሩ ሲጠነክር የላይኛው ክንድ ግፊት ይጨምራል፤ ሃይድሮሊኩ ይህን አውቆ ማረሻውን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ሲላላ መልሶ ይለቀዋል፡፡ ለዚህ በ1925 ፓተንት አመልክቶ በተከታዩ ዓመት አገኘ፡፡ ያ የኢተያ ወጣት ሰንሰለቱን ያሠረባቸው ክንዶች እነዚሁ ናቸው፡፡ ዛሬ የየትኛውም ፋብሪካ የእርሻ ትራክተር ከኋላው እነዚህኑ ሦስት ነጥቦች ይዞ ነው የሚወጣው፡፡

ሐሳቡን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ የሚያመርት ማግኘት ሌላ፡፡ በ1920ዎቹ አሜሪካ ሄዶ ከሄንሪ ፎርድ ጋር ተገናኘ፡፡ ፎርድ ደመወዝ ሊቆርጥለት፣ ፓተንቱንም ሊገዛው ፈለገ፡፡ ፈርጉሰን እምቢ አለ፡፡ ከአሜሪካውያን ጋር ተሻርኮ ለፎርድሰን ትራክተር የሚሆን ማረሻ መሸጥ ጀመረ፤ ፎርድ በ1928 ፎርድሰንን አሜሪካ ውስጥ ማምረት ሲያቆም ንግዱ አብሮ ወደቀ፡፡ በ1933 የራሱን ናሙና ትራክተር ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሠራ፤ ዛሬ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ አለ፡፡ ከ1936 ጀምሮ ዴቪድ ብራውን የሚባለው የእንግሊዝ ባለፋብሪካ አመረተለት፤ ከ1,400 ያነሱ ትራክተሮች ተሠርተው እነሱም ተጣሉ፡፡ አንባቢ እንደሚያስተውለው ሰውየው ከወንድሙ ጀምሮ ከሸሪክ ጋር ሰላም አልነበረውም፡፡ ግትር ነበር፡፡ ስለ ንጽሕናና ስለ ሥርዓት የነበረው ጥንቃቄ አብረውት የሚሠሩትን ያሰለች ነበር፡፡ የዚህ ጠባይ ፍሬ ግን ትራክተሩ ላይ ይታያል፤ ገበሬው በማሳው ላይ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው በአንድ መፍቻ ነው፡፡ መፍቻው ላይ ደግሞ ኢንች ተቀርጾበታል፤ የማረሻውን ልክ ለመለካት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ የእኔን ፒክአፕ የነደፈው ሰው ይህን መፍቻ አይቶ ቢሆን ኖሮ አልኩ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ፡፡

አሁን የሕግ ሰው ጆሮውን ያቅና፡፡ በኦክቶበር 1938 ፈርጉሰን አንድ ትራክተሩን በመርከብ ጭኖ ሚሺጋን፣ የሄንሪ ፎርድ መኖሪያ ግቢ ወሰደው፡፡ ፎርድ የ75 ዓመት ሽማግሌ ነው፡፡ ትንሿ ትራክተር በፎርድ እርሻ ላይ ስታርስ ታየች፡፡ ቀጥሎ ጠረጴዛ ወጣ፤ ፈርጉሰን በሰዓት ሞላ የምትሄድ የአሻንጉሊት ትራክተር አውጥቶ የሦስቱን ክንዶች ነገር አስረዳ፡፡ ሁለቱ ሰዎች እዚያው ተስማሙ፡፡ ፈርጉሰን ንድፉንና ፓተንቱን ያቀርባል፣ ሽያጩንም ይይዛል፤ ፎርድ ያመርታል፤ ማንኛቸውም በፈለጉ ጊዜ ያለ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ፡፡ ተጨባበጡ፡፡ ወረቀት አልነበረም፣ ፊርማ አልነበረም፣ ጠበቃ አልነበረም፡፡ በሁለቱ መካከል የነበረው ከዚያ በኋላ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ንግድ ነው፡፡

በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1719 መሠረት ሕግ ለይቶ ካላዘዘ በስተቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ ፈቃዳቸው ከተገናኘ በቂ ነው፡፡ ስለዚህ የሁለቱ መጨባበጥ በእኛም አገር ቢሆን ውል ለመባል አያንስም፡፡ ችግሩ ውሉ መኖሩ ላይ ሳይሆን ምን ይል እንደነበር ማስረዳቱ ላይ ነው፡፡ በሙያዬ ካየኋቸው ክርክሮች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ የተዋዋሉት አባቶች ይሞታሉ፣ ልጆች ወረቀት ይጠይቃሉ፡፡

የሆነውም ይኸው ነው፡፡ በ1939 ወደ ገበያ የወጣው የፎርድና የፈርጉሰን ትራክተር ዋጋው 585 ዶላር ነበር፤ እስከ 1947 ድረስ ከሦስት መቶ ሺሕ በላይ ተሸጠ፡፡ ሽማግሌው ፎርድ ከሥራው ሲወጡ የልጃቸው ልጅ ሁለተኛው ሄንሪ ፎርድ ኩባንያውን ያዘ፡፡ መዝገቡን ሲያገላብጥ ኩባንያው ትራክተሩን እያመረተ ይከስራል፣ የሚሸጠው ፈርጉሰን ያተርፋል፡፡ በ1946 መጨረሻ ውሉ ማቆሙን አስታወቀ፤ በተከታዩ ዓመት ሽማግሌው ሞቱ፡፡ ውሉን ማቋረጥ መብቱ ነው፤ በዚህ ፈርጉሰንም ብዙ ሊከራከር አይችልም፡፡ ዳሩ ግን ፎርድ የራሱን መሸጫ ኩባንያ አቋቁሞ፣ የፈርጉሰንን ሃይድሮሊክና ሦስት ክንዶች እንዳሉ የያዘ ትራክተር ማምረቱን ቀጠለ፡፡ ውሉ ፈርሷል፣ ፓተንቱ ግን አልፈረሰም፡፡

ፈርጉሰን በጃኑዋሪ 1948 ኒውዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት 251 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ፡፡ ክሱ የፓተንት መጣስ ብቻ ሳይሆን ንግዴን ለመግደል ተማክረዋል የሚልም ነበረበት፡፡ አራት ዓመት ተከራከሩ፡፡ የሚያስገርመው፣ ፈርጉሰንን የጎዳው የራሱ ብርታት ነው፡፡ ተሸንፎ አልተቀመጠም፤ ከ1946 ጀምሮ እንግሊዝ ኮቨንትሪ ውስጥ በስታንዳርድ ሞተር ፋብሪካ ቲኢ 20 የሚባለውን ግራጫ ትራክተር ያስመርት ነበር፤ በ1948 ደግሞ ዲትሮይት ውስጥ፣ ፎርድ ደጃፍ ላይ፣ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፡፡ ሽያጩ ሲጨምር ንግዴ ሞተብኝ የሚለው ክርክር ሳሳ፡፡ በኤፕሪል 1952 በስምምነት አለቀ፡፡ ፎርድ ለፓተንቱ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ አንዳንድ የሃይድሮሊክ ክፍሎችንም ከዚያ ወዲያ እንዳይጠቀም ተስማማ፡፡ ከተጠየቀው አንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም፡፡ ፈርጉሰን ግን ይህን እንደ ድል ቆጠረው፤ ትንሽ ፈጣሪ ትልቅ ኩባንያን ፍርድ ቤት ገትሮ ሊያስከፍል እንደሚችል አሳይቻለሁ ብሎ ያምን ነበር፡፡ እኔ በዚህ ነጥብ ከእሱ ጋር ነኝ፡፡ አራት ዓመት የጠበቃ ወጪ ችሎ የሚከራከር ፈጣሪ ግን ስንት አለ?

በ1953 ኩባንያውን ከካናዳው ማሴ ሐሪስ ጋር ቀላቀለ፡፡ ዋጋው ላይ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ቀረ፡፡ በ16 እና በ17 ሚሊዮን መካከል መስማማት አቃታቸውና ፈርጉሰን ሳንቲም እንወርውር አለ፡፡ ተወረወረ፤ ተሸነፈ፡፡ በሳንቲም አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያጣ ሰው ለአንዲት ቡሎን ንጽሕና የሚሟገተው ያው ሰው መሆኑ እስካሁን አይገባኝም፡፡ በተከታዩ ዓመት ከአዲሶቹ ሸሪኮቹም ጋር ተጣልቶ ሊቀመንበርነቱን ለቀቀ፡፡ ስሙ ግን ቀረ፤ ኩባንያው ከ1958 ጀምሮ ማሴ ፈርጉሰን ተባለ፡፡ በዚያው ዓመት በጃኑዋሪ 4 ኤድመንድ ሂላሪ ደቡብ ዋልታ የደረሰው በሦስት የፈርጉሰን ትራክተሮች ነው፡፡

እዚህ ላይ ስለ አጎቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሰውየውን ብቻ ማመስገን አይሆንልኝም፡፡ አጎቴ በንጉሡ ዘመን ጭሰኛ ነበሩ፡፡ በ1967 በስዊድን ዕርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ በአካባቢው ሥራ ሲጀምር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ የስንዴ ምርት አደገ፡፡ ምርቱ ሲያድግ ባለመሬቱ ከጭሰኛ ሲሶ ከመቀበል ይልቅ ትራክተር ገዝቶ ራሱ ማረስ እንደሚያዋጣው አወቀ፡፡ በጭላሎ በርካታ ጭሰኞች ተነቀሉ፤ አጎቴም ከሚስታቸውና ከሦስት ልጆች ጋር ከመሬቱ ወጡ፡፡ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚገዛው ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ሲጓተት ሳይጸድቅ ቀረ፡፡ እርሻ የተመለሰላቸው ከ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ነው፡፡ አጎቴ እስኪያርፉ ድረስ የትራክተር ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር፡፡ እኔን ወደ ለቅሷቸው ጎትቶ ያደረሰኝ እሱ መሆኑን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ፡፡ ፈርጉሰን ርካሽ ትራክተር ምግብን ያረክሳል፣ ድሃውንም ገበሬ ያድናል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፡፡ ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ከሆነ እውነት ነው፡፡ ካልሆነ ግን ርካሹ ትራክተር የሚያስወጣው እሱን ነው፡፡ ይህ ለፈጣሪው የሚቀርብ ክስ አይደለም፤ የሕግ አውጪው ዕዳ ነው፡፡

ትራክተሩን የሸጠው ሰው ሀብታም ሽማግሌ ሆኖ አላረፈም፡፡ ከ1950 ጀምሮ ሁለት የመኪና ሰዎች፣ ቶኒ ሮልትና ፍሬዲ ዲክሰን፣ የጀመሩትን ሥራ ይዞ የምርምር ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፡፡ ዓላማው የማይንሸራተት የቤት መኪና ነው፡፡ ችግሩን የእኔን ፒክአፕ ይዤ ላስረዳ፡፡ መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሚበልጥ ርቀት ይሄዳሉ፡፡ በእኔዋ ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይቆለፋሉ፤ ስለዚህ አንዱ መንሸራተት አለበት፡፡ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ችግር የለም፡፡ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው አይለቅም፤ ኃይሉ በዘንጎቹ ውስጥ እንደተጠመዘዘ ገመድ ይታመቃል፡፡ መሪው ይከብዳል፣ ማርሹም አልወጣ ይላል፡፡ እንዲህ ሲሆን ጥቂት ሜትሮች ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ያላቅቀዋል፡፡ ፈርጉሰንና መሐንዲሶቹ የፊትና የኋላውን የሚለያይ ሦስተኛ ዲፈረንሻል መሐል ላይ አስገቡ፤ ልዩነቱ ከመጠን እንዳያልፍ የሚይዝ መቆለፊያም አደረጉለት፡፡ ስለዚህ መኪናው ሁልጊዜ፣ በአስፋልትም በጭቃም፣ በአራት ጎማ ይሄዳል፤ የሚጠመዘዝ ማዞሪያ አያስፈልገውም፡፡ ከዚህ ጋር ለአውሮፕላን የተሠራውን ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል የዳንሎፕ ፍሬን አጣመሩ፡፡ ናሙናዎቹን ለእንግሊዝ የመኪና ፋብሪካዎች አሳየ፤ ውድ ነው አሉ፡፡ አንዱም አልወሰደም፡፡

እኔ የገዛኋት ፒክአፕ ከእነዚያ ሐሳቦች ርካሹን መንገድ የመረጠች ናት፤ ዱላውን ብቻ በሞተር ተክታዋለች፡፡ ከለቅሶው ስመለስ የወሰድኩበት የመጀመሪያው ጋራዥ ትራንስፈር ኬዙ፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን፣ ይውረድ አለኝ፡፡ ዋጋውን ሰምቼ ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና አልተመለስኩም፡፡ ሁለተኛው አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፡፡ ምንም አልፈቱም፡፡ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ አስከፍተውኝ ማዞሪያውን ጠምዝዝ አሉኝ፤ እሳቸው ከሥር ተኝተው አዳመጡ፡፡ ሪሌው ቀጭ ይላል፤ ትንሿ ሞተር ግን አትጮህም፡፡ ስለዚህ ማዞሪያውም ፊውዙም ደህና ናቸው፣ ትእዛዙ ወጥቷል፣ ግን አልደረሰም ማለት ነው፡፡ የሞተሯን ሶኬት ነቅለው በቴስተር ሲለኩ 12 ቮልት አለ፡፡ እዚህ ላይ እኔ ብሆን ሞተሯ ተቃጥላለች ብዬ አዲስ እገዛ ነበር፡፡ እሳቸው ሶኬቱን መልሰው ሰክተው፣ ሞተሯ ልትሠራ ስትታገል እንደገና ለኩ፤ አራት ቮልት፡፡ ሥራ የሌለበት ሽቦ ሙሉ ቮልት ማሳየቱ ምንም አያስረዳም አሉኝ፤ ምስክር የሚታወቀው መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብበት ነው እንደማለት ነው፡፡ ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አለ፤ ነጌቲቩን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ሽቦም በልቶ በክር ቀርቷል፡፡ ሁለቱ ተጠረጉ፣ ተቀየሩ፡፡ ሞተሯ ጮኸች፡፡

መብራቷ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ትላለች፡፡ ሞተሯ ላይ የተቀመጠች፣ ማርሹ የት እንደደረሰ ለመቆጣጠሪያው ሳጥን የምትነግር ሌላ መሣሪያ አለች፡፡ የእሷ መዳብ በአቧራና በቅባት ተሸፍኖ ውሸት ትናገራለች፤ ሳጥኑም ስለማያምናት ማርሹን መሐል መንገድ ላይ ያስቆመዋል፡፡ ይህችም ተጠረገችና መብራቷ ቀጥ ብላ በራች፡፡ ለከባዱ ማርሽ ደግሞ መኪናው ቆሞ ፍሪሲዮን መረገጥ አለበት፤ ያን ቀን ጭቃው ውስጥ እኔ ነዳጅ እየረገጥኩ ነበር የምጠመዝዘው፡፡ ሰውየው መጨረሻ ላይ ፎር ዊሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያስገባኸው መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ፡፡ ሦስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም፡፡ በወር አንዴ፣ ጠጠር መንገድ ላይ፣ ጥቂት መቶ ሜትር ብነዳው ኖሮ የሞተሯም የመሣሪያዋም መዳብ እንዲህ አይጨልምም ነበር፡፡ የሥራው ዋጋ የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠየቀኝ አንድ አሥረኛ አልሞላም፡፡

ፈርጉሰን የመኪናውን ፍሬ አላየም፡፡ ለዓመታት እንቅልፍ ማጣትና ድብርት ያሠቃየው ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ባሰበት፡፡ በኦክቶበር 25 ቀን 1960 እንግሊዝ ገጠር ውስጥ በሚገኘው አቦትስውድ በተባለው ቤቱ ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስዶ ሞቶ ተገኘ፡፡ 76 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፡፡ የአሟሟት መርማሪው ሆን ብሎ ይሁን በስህተት ማስረጃው አይለይም በማለት ውሳኔውን ክፍት ተወው፡፡ እኔም ከዚህ አልፌ መናገር አልፈልግም፤ ማስረጃ ሳይኖር ሰው ላይ አለመፍረድ ሲሞትም ይሠራል፡፡ የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት መሆኑን ያስተዋልኩት ይህን ስጽፍ ነው፡፡

በሞተ በአንድ ዓመት፣ በሴፕቴምበር 1961፣ ኩባንያው የሠራው ፒ 99 የተባለ በአራት ጎማ የሚነዳ የውድድር መኪና ኦልተን ፓርክ ላይ በዝናብ በረጠበ መንገድ አሸነፈ፤ የነዳው ስተርሊንግ ሞስ ነው፡፡ በ1966 ጄንሰን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የፈርጉሰንን አሠራርና ያንን የአውሮፕላን ፍሬን የያዘ መኪና ለገበያ አወጣ፤ 320 ብቻ ተሠርተው በ1971 ቆመ፡፡ ሮልት በዚያው ዓመት ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ፤ ከዚያ የወጣው በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራው መሐለኛ መያዣ ቆይቶ በፋብሪካ ደረጃ ገባ፡፡ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ደግሞ አንድ ባንክ የፈርጉሰንን ምስል በ20 ፓውንድ ኖት ላይ አትሞታል፤ ከጎኑ ትራክተሩ አለች፡፡

የአጎቴ አርባ የዋለው ከመስቀል በኋላ ነው፡፡ በዚያች ፒክአፕ ሄድኩ፡፡ ከኢተያ እንደታጠፍኩ ማዞሪያዋን ጠመዘዝኩ፤ መብራቷ ቀጥ ብላ በራች፡፡ መንገዱ ደርቆ አቧራ ይጨስ ነበር፡፡ ገና ኩርባው ሳይደርስ መልሼ አወጣኋት፡፡